አረማመድ ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን አንዳንድ ነገር ላይ ስንደርስ ሥሩን መቆፈሩን እንተወውና ዱላ ፍለጋ እንሮጣለን። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከነዚህ አንዱ ነው። ብዙ ሰው ጆሮውን ይዞ ይሸሸዋል፤ ጋዜጣም ካነሣው ለስድብ ያነሣዋል። ሰው እየተጠቆመበት፣ እየተደበደበበትና እየታሠረበት ዝም ማለት ግን ደግ አይደለም።

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ አንድ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ገለጸ፤ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ በሚሉት መንደር የሰው ፎቶ እየተለጠፈ፣ ይደብደብ ይጥፋ የሚል ዘመቻ ደርቶ ነበር።

እስቲ ለአፍታ ቃሊቲ ላይ ቆመን ነገሩን እናስበው። ይኸ ሰፈር የከባድ መኪና ሾፌር የሚያድርበት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚጎርፍበት፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ወጣት ቤት የሚጋራበት ሰፈር ነው። ሁለት ወንዶች የአልጋው ዋጋ ከብዷቸው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ሦስት ሴቶች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ፍራሽ ይጋራሉ። ታዲያ ጠቋሚው ማንን ሊጠቁም ነው? ምልክቱስ ምንድን ነው? መቼም ማንም በሰው መኝታ ቤት ገብቶ አላየም። የሚታየው አረማመድ ነው፤ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ የጆሮ ጌጥ ነው፤ የተቆረጠ ጸጉር ነው፤ ሱሪ ነው። «ይኸ ልጅ አነጋገሩ ሴታሴት ነው»፣ «ያቺ ልጅ ወንዳወንድ ናት» ይባልና ስልክ ይደወላል። አለቀ!

ለመሆኑ አረማመድ ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ይኸንን ጥያቄ ለመመለስ መጀመሪያ የተደበላለቀውን መለየት ያስፈልጋል። ቋንቋችን ሀብታም ነው፤ እዚህ ላይ ግን ችግር አለበት። «ፆታ» የምትለዋን አንዲት ቃል ይዘን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንጠራባታለን። አንደኛው የአካል ፆታ ነው፤ ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ተፈጥሮ። ሁለተኛው የፆታ መገለጫ ነው፤ አለባበሱ፣ ጸጉሩ፣ አነጋገሩ፣ አረማመዱና የያዘው ሥራ። ሦስተኛው የፆታ ማንነት ነው፤ ሰው ለብቻው ሆኖ ልቡን ሲጠይቅ «እኔ ወንድ ነኝ» ወይም «እኔ ሴት ነኝ» ብሎ የሚያገኘው መልስ። በሦስቱ ላይ አራተኛ አለ፤ ሰው ማንን ይወዳል የሚለው። ይኸኛው ከሦስቱም የተለየ ነው። ወንዳወንድ የተባለችው ሴት ባል አግብታ አምስት ልጅ የወለደች ልትሆን ትችላለች። ጡንቻው የፈረጠመው፣ ድምፁ የሚያስፈራው ጎረምሳ ደግሞ ጠቋሚው ያላሰበው ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። ከውጪ አይታወቅም! አራቱን ነገር በአንድ ጆንያ ከትቶ መውቀጥ ግን የኛ ልማድ ሆኗል።

አማርኛችን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። «አንተ» እና «አንቺ» እንላለን፤ «እሱ» እና «እሷ» እንላለን። ሌላውን ሰው ስንጠራ ፆታውን ሳንወስን አፋችንን መክፈት አንችልም። «እኔ» ስንል ግን ፆታ የለበትም። «መጣሁ»፣ «በላሁ»፣ «አለቀስሁ» የሚለው ወንድም ሊሆን ይችላል ሴትም። ካከበርነውም ሰው ላይ ፆታው ይጠፋል፤ «እርስዎ» ወንድም ሴትም ነው። ፆታ የሚመዘዘው ሌላውን ስንመድብ ነው። እናት ሴት ልጇን ስታቆላምጥ «አንተ» ብትላት ፍቅር ነው፤ ጎረምሳው ጓደኛውን ባደባባይ «አንቺ» ቢለው ግን ጠብ ይነሣል። ሴትን «ወንድ ናት!» ማለት ምስጋና፣ ወንድን «ሴት!» ማለት ስድብ ያደረግነው እኛው ነን። እንግዲህ ስድቡ የሚያቆስለው ሁለት ወገን ነው። የተሰደበው ወንድ አንዱ ነው፤ ስሟ ለስድብ የተዋሰባት ሴት ሁለተኛዋ ናት።

ከአካሉ እንጀምር። «እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠረ፣ ምን መዳከር ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ሰው በዚህ መንገድ እንደሚወለድ ማንም አይክድም። ሆኖም ሐኪሞች የሚያውቁትና አዋላጆች በዓይናቸው ያዩት ሌላም ነገር አለ። ፅንስ ስድስት ሳምንት ገደማ እስኪሞላው ድረስ የወንዱም የሴቷም የመራቢያ ዕጢ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ዋይ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ያለች ኤስ-አር-ዋይ የምትባል ጂን ዕጢውን ወደ ወንድነት ትመራዋለች። ዕጢው ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም አካሉን ይቀርጻል። በዚህ ረጅም ጉዞ ላይ አንዷ ደረጃ ብትዛነፍ ውጤቱ ይለያል።

ለምሳሌ ያህል ክሮሞዞሙ የወንድ ሆኖ፣ ሰውነቱ ግን የወንድ ሆርሞንን ጨርሶ የማይቀበል ሰው አለ። ይኸ ሰው ሲወለድ ሴት ነው፤ ሴት ሆኖ ያድጋል፤ ወይም «ሆና ታድጋለች» ልበል። አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ሲቀርባት ነው ነገሩ የሚታወቀው። ወንድ ሆነው ተወልደው አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ያላቸው ደግሞ ከ500 እስከ 1,000 ወንዶች ውስጥ አንድ ያህል ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። ሲወለድ ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ በዓይን የማይለይ ሕፃንም አለ። ለዚህ «ፍናፍንት» የሚል ቃል አለን፤ ቃሉን ግን ለስድብ አዋልነውና ወላጅ ሊሰማው የማይፈልገው ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነውና። ውስጧ ፍጹም ሴት የሆነች፣ ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ግን በአግባቡ የማትሠራላት ሕፃን አለች። ዕጢዋ የወንድ ሆርሞን ስለሚያበዛ የተወለደችው ልጅ ወንድ ትመስላለች፤ ወይም ታወዛግባለች። ከባዱ ዓይነት ሲሆን ሰውነቷ ጨው መያዝ አይችልም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ታስመልሳለች፤ ውሃ ከሰውነቷ ያልቃል፤ ሕክምና ካላገኘች ትሞታለች። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጎድሎ ያለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት በየቀኑ ከወሰደች ታድጋለች፤ ትማራለች፤ ልትወልድም ትችላለች። እናት አፍራ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ቤት ከደበቀች ግን የሕፃኗ ዕድሜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። የገዳዩ ስም በሽታ ይባል እንጂ ተባባሪው ይሉኝታ ነው። ያላወቁ አለቁ የተባለው ለእንዲህ ያለው አይደል?

ወረቀቱ ደግሞ አይጠብቅም። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ፆታውም ይጻፋል። ከፊታችን ያለው ሣጥን ሁለት ነው፤ ወንድ፣ ሴት። ሐኪሙ ገና ምርመራ ላይ ላለው ልጅ ሦስተኛ ወር ከመሙላቱ በፊት ቁርጥ ያለ መልስ ስጡ የሚባሉት ወላጆች ምን ይጻፉ? ጎረቤታችን ኬንያ ይኸንን ጥያቄ ፊት ለፊት ተጋፍጣዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ባካሄደችው የሕዝብ ቆጠራ እንዲህ ሆነው የተወለዱ ሰዎችን ለብቻ ቆጠረች፤ 1,524 ሰዎችም ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣችው የሕፃናት ሕግ ደግሞ ለነዚህ ልጆች ዕውቅና ሰጠ። ኬንያ በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም። ቤተ ክርስቲያኖቿም መስጊዶቿም እንደቆሙ ናቸው።

«በአካል ከሆነማ ሐኪም አይቶ ይወስን» ለሚል ሰው የስፖርቱን ዓለም እጠቁመዋለሁ። የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1968ቱ የሜክሲኮ ውድድር ጀምሮ ሴት አትሌቶችን በክሮሞዞም ሲመረምር ኖረ። በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ 8 ሴቶች ምርመራውን ወደቁ፤ ጉዳያቸው ሲጣራ ግን ስምንቱም እንዲወዳደሩ ተፈቀደላቸው። በ1999 ምርመራው ቀረ። ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ ያቺኑ ኤስ-አር-ዋይ የተባለችውን ጂን መመርመር ግዴታ አደረገ፤ የኛ ልጆችም በቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና የሮጡት በዚሁ ደንብ ነው። ይኸች ጂን እ.ኤ.አ. በ1990 ስትገኝ ከአግኚዎቹ አንዱ የነበረው አውስትራሊያዊው ሳይንቲስት አንድሩ ሲንክሌር፣ የሰውን ፆታ በዚህች ጂን ብቻ መወሰን ልክ አይደለም ብሎ ተቃውሟል። ደንቡ ይበጃል አይበጅም የሚለውን ለስፖርቱ ሰዎች እንተወው። ጂኗን ያገኘው ሰው ጥንቃቄ ይሻል ባለበት ጉዳይ ላይ የኛ ሰፈር ጠቋሚ በአረማመድ ይወስናል። አይ ድፍረት!

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ፤ ወደ መገለጫው። በዚህ ላይ አቃቂ ለመላው አገር አስተማሪ መሆን የምትችል ሰፈር ናት። በአገራችን ደንብ እንዝርት የሴት፣ ሸማ የወንድ ነበር። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጣና ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ፈረቃ አሰልፎ ፈታዩንም ሸማኔውንም የማሽን ሠራተኛ አደረገው። ሰማይ አልተደፋም። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ግንባታ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የተሸከሙት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በሱሪ ላይ ቀሚስ፣ በሻሽ ላይ ኮፍያ ደርበው። ከታክሲ በር ላይ ተንጠልጥላ «ሳሪስ! ስታዲየም!» እያለች የምትጣራዋ ረዳት ድምፅዋን ካላወፈረች እንጀራዋን አታገኝም። «ወንዳወንድ» የሚላት ተሳፋሪ ሂሳቡን ከፍሎ መውረድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ወንዱስ? ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍ የተገኘ ወንድ «ሴታሴት» ይባላል። ያው ሰው ነጭ ኮፍያ አጥልቆ በትልቅ ሆቴል ሽንኩርት ቢከትፍ «ሼፍ» ይባላል፤ ደመወዙም ከፍ ይላል። ሽንኩርቱ ያው ነው፤ እንባውም ያው ነው። የተለወጠው ምኑ ነው? ዓይናችን!

ታሪክን ብናገላብጥ የባሰ እንታዘባለን። ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ሲገደሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም እርጉዝ ነበሩ። ቤት አልተቀመጡም፤ ጠመንጃ አንሥተው አርበኞች መርተው ተዋጉ። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን አስከትለው ዘመቱ። እነዚህን ሴቶች ታሪካችን ሲያወሳ «ወንዳወንድ» ብሎ አልሰደባቸውም፤ «ጀግና» አላቸው። እንግዲህ የወንድ የተባለ ሥራ መሥራት ለእቴጌዋ ክብር፣ ለታክሲ ረዳቷ ስድብ የሚሆንበት ምክንያት ሀብትና ማዕረግ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ልብስን አሳቦ ሰው መደብደብ የኛ ትውልድ የጀመረው አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ለጭቁኑ ሕዝብ እንታገላለን ይሉ የነበሩት ተማሪዎች፣ ትርኢቱ የባህል ወረራ ነው በማለት ሊመለከቱ የመጡትን ሴቶች ሰደቡ፤ በጥፊ መቱ፤ እንቁላል ወረወሩ። ነገሩ ተባብሶ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ዛሬ ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች «መሬት ላራሹ»ን በኩራት ያነሣሉ፤ ያችን ቀን ግን ማንሣት አይወዱም። ተራማጅ ነኝ ያለም ሆነ ወግ አጥባቂ፣ የሴት ልብስ ላይ ሲደርስ እኩል ፖሊስ ይሆናል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። በአካሉ ወንድ የሚባል፣ በልቡ ግን ወንድ ያልሆነ፤ ወይም በአካሏ ሴት የምትባል፣ በልቧ ግን ሴት ያልሆነች ሰው መኖሩ ነው። «ይኸ የነጭ ነገር ነው፣ ከፈረንጅ የመጣ ነው» ይባላል። ይኸንን የሚሉ ሰዎች አገራቸውን ቢያውቁ ጥሩ ነበር።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶናም በደቡብ ኦሞ የማሌን ሕዝብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች ጽፏል። በአካላቸው ወንድ ሆነው ሳለ እንደ ሴት ይለብሳሉ፤ የሴት የተባለውን ሥራ ይሠራሉ፤ በባህላዊው ንጉሥ ቤት ዙሪያም ቦታ ነበራቸው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሳይመን መሲንግ የተባለ ሌላ አጥኚ በጎንደር በኩል በአማራው ገበሬ መካከል እንዲህ ያሉ ሰዎች እንደነበሩ መዝግቧል። አሮጌው አማርኛችን «ወንዳገረድ» የሚላቸው ናቸው። ገበሬው ፈጣሪ ሲሠራቸው የተሳሳተባቸው አድርጎ ቆጥሮ ይተዋቸው ነበር። አባባሉ ምስጋና አይደለም፤ ነገር ግን ዱላም አልነበረበትም። ፊደል ያልቆጠረው ባላገር የፈጠራቸው ያውቃል ብሎ ያለፋቸውን ሰዎች፣ ዲግሪ የያዘው ከተሜ ስልክ ደውሎ ያስይዛቸዋል። ሥልጣኔ ማለት ይኸ ነው እንዴ?

የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሙን አሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ የአካል ፆታና የልብ ማንነት አለመጣጣም ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቷል። እብድ ናቸው ማለት በሕክምናም ድጋፍ የለውም ማለት ነው።

«ሃይማኖታችንስ?» ይለኛል አንባቢ። የተገባ ጥያቄ ነው፤ እኔም ለመስበክ አልተነሣሁም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ወንድ የሴት፣ ሴትም የወንድ ልብስ እንዳይለብሱ እንደሚከለክል ማንም ያውቃል። በጥር 21 የሚታሰቡትን የሚያነብ ግን የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያን ያገኛታል። በወንድ ልብስ ገዳም ገብታ ከመነኮሳት ጋር የኖረች፣ ጢም ስላላበቀለች ጃንደረባ ናት የተባለች ቅድስት ናት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ጌታ ራሱ ከእናታቸው ማኅፀን ጃንደረባ ሆነው ስለሚወለዱ ሰዎች ተናግሯል፤ ሲያወግዛቸው ግን አንሰማም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በመንገድ ላይ የተጠመቀው የአገራችን ሰው ጃንደረባ ነበር። በእስልምናም ሊቃውንቱ «ኹንሳ» ስለሚሉት ሰው ውርስ እስከ ድርሻው ድረስ ሕግ አውጥተዋል። ድርሻ የሚታሰብለት ሰው መኖሩ የታወቀ ሰው ነው። እንግዲህ ሃይማኖቶቻችን ካሰብነው በላይ ሰፊ ዓይን አላቸው። ኃጢአት ነው የሚባለውን ኃጢአት የማለት መብት የካህኑና የሼሁ ነው፤ ኃጢአትንና መልክን ማምታታት ግን የማንም መብት አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሰዶም ድርጊት ያስቀጣል። አንቀጹ መኖር አለበት የለበትም የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ ያለውን ሕግ አንብቡ ነው የምለው። ሕጉ የሚለው «ድርጊት» ነው። አረማመድ አይልም። ድምፅ አይልም። ጸጉር፣ ጌጥ፣ ሱሪ አይልም። ወንድ ሆኖ ሴት፣ ሴት ሆኖ ወንድ መምሰል በዚህ ሕግ ውስጥ ወንጀል ተብሎ አልተጻፈም። ያው ሕግ በአንቀጽ 2 ላይ በሕግ ያልተከለከለን ነገር ፍርድ ቤት ወንጀል አድርጎ ሊቀጣ እንደማይችል፣ በማመሳሰልም ወንጀል መፍጠር እንደማይቻል ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 24 ክብሩንና መልካም ስሙን፣ በአንቀጽ 26 ቤቱንና የግል ሕይወቱን ይጠብቅለታል። ዳኛ እንኳ ሊያደርገው ያልተፈቀደለትን ነገር ቢሮ በመግለጫ፣ ጎረቤት በስልክ ሊያደርገው ነው ማለት ነው?

የእስር ቤቱን ነገር ደግሞ እዚህ ሰፈር ሆነን ዝም ልንለው አንችልም። የቃሊቲን ስም ዓለም ያወቀው በብስኩቱና በብረታ ብረቱ አይደለም፤ በወህኒ ቤቱ ነው። ከምርጫ 97 በኋላ የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ታጎሩበት። ብርቱካን ሚደቅሳ ከታኅሣሥ 2001 እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም.፣ ርዕዮት ዓለሙ እስከ ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ታሥረውበታል። እስር ቤት እንግዲህ በር ያለው ሁለት ነው፤ የወንድና የሴት። መልኳ ሴት፣ መታወቂያዋ ወንድ የሆነች ሰው ብትያዝ በየትኛው በር ትገባለች? ማን ይፈትሻታል? ማን አጠገብ ታድራለች? በኬንያ ካሚቲ በሚባለው እስር ቤት አካሉ በወንድና በሴት መካከል የነበረ አንድ እስረኛ በፍተሻ ስም ሲዋረድ ኖሮ ከሰሰ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰብአዊነት የጎደለው አያያዝ ነው ብሎ 500,000 የኬንያ ሺልንግ ፈረደለት። ፍርድ ቤቱ ሰውዬው የተፈረደበትን ወንጀል አልሰረዘለትም፤ እስረኛም ሰው ነው አለ እንጂ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ፍርድ መስማት ሕልም መሆን የለበትም።

«አንተ ይኸንን የምትጽፈው ለነሱ ጥብቅና ልትቆም ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይበለኝ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የነበረ ሰው ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። ያኔም ጥቆማ ነበር፤ ያኔም ቀበሌ ነበር፤ ወጣት መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ነበር። የጠቋሚው ቂም፣ የቤት ኪራይ ጠብ፣ የፍቅር ቅናት ሁሉ በ«አብዮት» ስም ተወራረደ። ጥቆማ በር ከተከፈተለት አብዮቱም ሆነ ሥነ ምግባሩ ሰበብ ብቻ ነው። ዛሬ አረማመዱ ያላማረህን ስትጠቁም፣ ነገ አነጋገርህ ያላማረው አንተን ይጠቁምሃል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት የተባለው ያኔ ይገባሃል፤ ግን ይረፍድብሃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ከባድ ነገር አልጠይቅም።

ቢሮው ሕግ አስከብራለሁ ካለ ለድርጊት ማስረጃ ይፈልግ፤ በመልክ ላይ ጥቆማ አልቀበልም ብሎ በይፋ ይናገር። ሰው የሚደበድበውን፣ ፎቶ ለጥፎ ደም የሚያነሣሣውን ይክሰስ፤ ለዚህስ የሕግ እጥረት የለብንም። የወሳኝ ኩነት መሥሪያ ቤት ሐኪም «ገና እየመረመርኩ ነው» ያለውን ልጅ ምርመራው እስኪያልቅ የሚታገሥ አሠራር ያብጅ። አዋላጅና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወላጅን በሹክሹክታ ከማስደንገጥ ሕፃኑን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይላኩ። በጥቁር አንበሳ የሕፃናት የሆርሞን ሐኪሞች አሉ። አስተማሪ «ሴታሴት» የሚለውን ስድብ ከክፍሉ ያስወጣ፤ በዚህ ስድብ ምክንያት ትምህርቱን ጥሎ የጠፋ ልጅ የሌለበት ሰፈር የቱ ነው? እኛ ጋዜጠኞችም ብንሆን ጋዜጣ ለመሸጥ ብለን የሰውን ተፈጥሮ መሳለቂያ ከማድረግ እንቆጠብ።

አንባቢ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ያላየኸውን ዓይነት አለባበስ፣ ያልለመድከውን ዓይነት አረማመድ ብታይ፣ መንገድህን ቀጥል። ያ ሰው የሚሄድበት ቦታ አለው። አንተም አለህ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!